እሬትን በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የማቀርብላችሁ ንግግር ስለ አንድ የቤት ተክል አያያዝ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከጧት እስከ ማታ በወረቀትና በማኅተም መካከል ለሚውል የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ቆሞ ማየት ዓይንን ያሳርፋል፤ ልብንም ያቀናል። ብዙዎቻችን ይህን ፈልገን ተክል ገዝተን እናውቃለን። ከገዛነውም ውስጥ የሚበዛው ዓመት ሳይሞላው ደርቋል ወይም በስብሷል። ከዚያ በኋላ «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ነገሩ ግን የእጅ ጉዳይ አይደለም፤ የማወቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህም ጊዜ ለሌለው፣ ጓሮ ለሌለው፣ በኪራይ ቤትም ለሚኖር ሰው የሚስማማ አንድ ተክል መርጫለሁ። እርሱም እሬት ነው።

እሬትን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። መራራ ነገር ሲነሣ «እንደ እሬት የመረረ» የማንል ማን ነን? እናቶቻችንም ልጅ ጡት ለማስጣል ሲፈልጉ ከቅጠሉ የሚወጣውን ፈሳሽ በጡታቸው ጫፍ ላይ ይቀቡት እንደ ነበር እናስታውሳለን። እንግዲህ ብዙዎቻችን ከእሬት ጋር የተዋወቅነው ማንበብ ከመማራችን አስቀድሞ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በምሬቱ እንጂ በውበቱ አላወቅነውም።

እሬት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ብቻ ከ40 የሚበልጡ ዓይነቶች ይበቅላሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም። አንዱ በደብረ ብርሃን ስም «አሎ ደብራና» ተብሎ በሳይንስ መጽሐፍ ተመዝግቧል። ሌላው በአንኮበር አካባቢ በገደል ፊት ላይ ተንጠልጥሎ የሚበቅል ሲሆን በዚያው አገር ስም «አሎ አንኮበሬንሲስ» ተብሏል። ዕውቁ የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ሊቅ ከኢንገር ኖርዳል ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ እሬቶችና የሱፍ አበባን ሳይሆን የሊሊ ወገን ስለሆኑት አበባዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኒሁ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከእንግሊዝ አገሩ የኪው የዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳልያ ተሸልመዋል። በከተማችን ሰሜን፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘውን የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልንም በዳይሬክተርነት መርተዋል።

ስለዚህ ማዕከል ጥቂት ልበል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን 705 ሔክታር ስፋት አለው። የእንጦጦ ተራራ ከጥንት ጀምሮ የጽድና የወይራ አገር ነበር፤ ከተማው ሲቆረቆር ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ፤ በዐፄ ምኒልክም ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘው። የማዕከሉ ሥራ የአገሩን ዕፅዋት ወደ አገራቸው መመለስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወይም ከአዲሱ ገበያ በስተላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቦታ ሩቅ አይደለም። እሬት መትከል የሚያስብ ሰው በአንድ ሰንበት ወጥቶ የአገሩ ተክል በመሬት ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ በምን ዓይነት አፈርና ድንጋይ መካከል እንደሚያድግ ቢመለከት፣ እኔ አሁን ከምነግረው ብዙውን በዓይኑ ይረዳዋል።

በየቤቱ በአበባ መትከያ የምናየውና ዘወትር «አሎ ቬራ» የምንለው ግን ከዐረብ ምድር የተገኘው ዓይነት ነው። እርሱም ቢሆን የአገራችን እሬቶች ዘመድ ስለ ሆነ አያያዙ አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። እሬት ለምን ጥቂት እንክብካቤ ይበቃዋል?

አብዛኞቹ ዕፅዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ከፍተው ከአየሩ የሚፈልጉትን ይወስዳሉ፤ በዚያውም ብዙ ውሃ በትነት ይወጣቸዋል። እሬት ግን እነዚህን ቀዳዳዎች በቀን ሐሩር ዘግቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይከፍታል። ከዚህም በቀር ወፍራሙ ቅጠሉ የውሃ ጎተራ ነው። ሰው እህሉን በጎተራ አስቀምጦ ክረምቱን እንደሚያሳልፍ፣ እሬትም ውሃውን በቅጠሉ አስቀምጦ በጋውን ያሳልፋል። በድርቅ የማይሞት ተክል ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲያውስ በየቤታችን የሚሞተው ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ በውሃ ብዛት ነው። የተክል ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ረጥቦ ሲቆይ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ይጠፋል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ቅጠሉ ውሃ ስለማያገኝ ይጠወልጋል። ባለቤቱም መጠውለጉን አይቶ «ውሃ ጠማው» ይላል፤ ይጨምርለታል። በዚህ ዓይነት ተክሉ በርኅራኄ ይገደላል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመሥሪያ ቤት ነው። አራት ሠራተኞች በሚቀመጡበት ክፍል አንድ እሬት ቢቀመጥ፣ አራቱም ይወዱታል። አንዱ ሰኞ ጧት ያጠጣዋል፤ ሁለተኛው ይህን ሳያውቅ ማክሰኞ ያጠጣዋል፤ ሦስተኛው ከብርጭቆው የተረፈውን ያፈስበታል፤ ጽዳት ሠራተኛዋም ማንም የማያስብለት መስሏት በየማታው ታርሰዋለች። ሁሉም መልካም አደረጉ፤ ተክሉ ግን በሁለት ወር ውስጥ ከሥሩ ለስልሶ ወደቀ። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያለ እሬት አንድ ኃላፊ ብቻ ይኑረው። ያ ሰው የዓመት ፈቃድ ቢወጣ ተተኪ መሾም አያስፈልግም፤ እሬቱ ወሩን ያለ ማንም ይቆያል።

ስለ መትከያው ዕቃ ልናገር። ለእሬት ከሁሉ የሚሻለው ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ነው። ሸክላ በጎኑ እርጥበትን ያሳልፋል፤ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። ፕላስቲክና ቆርቆሮ ግን እርጥበቱን አፍነው ይይዛሉ። እኛ በጉለሌ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቀጨኔ እናቶች ጀበናውን፣ ድስቱንና ምጣዱን በእጃቸው ሠርተው አዲስ አበባን ሲያበሉና ሲያጠጡ ኖረዋል። የእጅ ሥራን ይንቅ የነበረው አሮጌ ልማድ እነዚህን ባለሙያዎች ብዙ በድሏቸዋል። አንድ የአበባ መትከያ ከእነርሱ ዘንድ አሠርቶ በተገቢው ዋጋ መግዛት ለተክሉም ለሠሪዋም ይበጃል።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ቀዳዳውም ሸክላው ሳይተኮስ ይበጅ። ከተተኮሰ በኋላ ልብሳው ቢሉ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። የዕቃው ስፋት ከተክሉ ሥር ሁለት ጣት ያህል ቢበልጥ ይበቃል፤ ሰፊ ዕቃ ብዙ አፈር፣ ብዙ አፈርም ብዙ እርጥበት ይይዛል።

ስለ አፈሩም እንዲሁ ነው። የእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ለብቻው ሲሆን ይጠብቃል፤ ከወደ ታች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይጨቀያል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጓሮ አፈር አንድ እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ግማሽ እጅ፣ ከሻካራ አሸዋ ወይም ከደቀቀ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁለት እጅ ቀላቅሉ። ይህን ድብልቅ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቢበተን ደግ ነው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ቢቀር አሸዋ ጨምሩበት። ከባሕር ዛፍ ሥር የተለቀመ ቅጠል ግን አይቀላቀል፤ የሌላውን ተክል ዕድገት የሚጎዳ ነገር አለበትና።

ቀጥሎ የብርሃን ነገር ነው። እሬት ብርሃን ይወዳል። መጋረጃው ዘወትር በተዘጋ ክፍል፣ ወይም በፋይል መደርደሪያ ጥግ ቢቀመጥ ቅጠሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይዘነብላል። የሚበጀው የምሥራቅ መስኮት ነው፤ የጧት ፀሐይ ታሞቀዋለች እንጂ አታቃጥለውም። የመስኮታችሁ አቅጣጫ ሌላ ቢሆን ይህን አስቡ፤ በአዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ስለዚህ በበጋ ብዙ ፀሐይ የሚገባው በደቡብ መስኮት ነው። ከጨለማ ክፍል የወጣ እሬት በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢጣል ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ስለዚህ በየጥቂቱ፣ በአሥር ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ይለማመድ። በየሁለት ሳምንቱም ዕቃውን ሩብ ዙር ብታዞሩት ወደ አንድ ወገን አይጎብጥም።

አሁን የሁሉ ነገር ራስ ወደ ሆነው ወደ ውሃው እንምጣ። ከአውሮፓ የተጻፉ የአበባ መጻሕፍት «በሰኔና በሐምሌ አብዝታችሁ አጠጡ፤ በታኅሣሥ ተዉት» ይላሉ። ይህ በአገራቸው እውነት ነው። ሐምሌያቸው ብሩህና ሞቃት፣ ታኅሣሣቸው ጨለማ ነውና። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናና ጉም፣ ብርድና እርጥበት ናቸው። በእነዚህ ወራት የጉለሌ ግድግዳ ራሱ ይረጥባል። እሬቱም ብርሃን ስለሚያንሰው ውሃውን አይጠቀምበትም። መጽሐፉን አምኖ በሐምሌ የሚያጠጣ ሰው እሬቱን ያጣል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በ15 ቀን አንድ ጊዜ ያህል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ፣ ወይም ከዚያም ባነሰ። ሆኖም ዋናው ዳኛ ቀን መቁጠሪያው ሳይሆን ጣታችሁ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ አስገቡ፤ ጥቂት እንኳ እርጥበት ከተሰማችሁ ውሃውን መልሳችሁ አስቀምጡ። ደርቆ ካገኛችሁት ግን በጠብታ አታታሉት፤ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ በደንብ አጠጡት። ከሥሩ ባለው ሳሕን የተጠራቀመውንም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት። ውሃው ከአፈሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ በቅጠሎቹ መካከል አይቁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የሚቀል ተክል ምን አለ? ከአትክልት እጣቢ የተረፈ አንድ ጣሳ ውሃ ለሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ እሬቱን ከመስታወቱ ጥቂት ፈቀቅ አድርጉት። በቅጠሉ ላይ አቧራ ሲያርፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ በቅጠሎቹ ሥር ብታዩ በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ አንሡት። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ አፈሩን ለውጡለት። ከዚህ በላይ የሚፈልገው የለም።

ደግሞም የተደላደለ እሬት ይወልዳል። ከእናቲቱ ሥር ትናንሽ ልጆች ብቅ ይላሉ። አንዱ ልጅ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲኖረው በንጹሕ ቢላዋ ከነሥሩ ለዩት፤ የተቆረጠው ቦታ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አፈር ትከሉት፤ ውሃውን ከሳምንት በኋላ ስጡት። ቅጠል ብቻ ቆርጦ መትከል ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ይበሰብሳል።

በዚህ ቦታ አደራ የምለው ነገር አለኝ። እሬት የሚፈልግ ሰው ከጎረቤቱ ወይም ከባልደረባው አንድ ልጅ ይለምን፤ ወይም ከችግኝ ሻጭ ይግዛ። ወደ ገደልና ወደ ሜዳ ወጥቶ የዱሩን አይንቀል። ከእሬቶቻችን አንዳንዶቹ የሚገኙት በአንድ ተራራ፣ በአንድ ገደል ላይ ብቻ ነው። ለመስኮታችን ጌጥ ብለን የምንነቅለው ከዚያ ዓይነት ቢሆን፣ ከዓለም ላይ አጎደልነው ማለት ነው። በሜዳ የበቀለውን ከነሥሩ ጭኖ ወደ ውጭ አገር መላክም እንዲሁ በፈቃድ ካልሆነ አይቻልም፤ ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ዓይነቶች ሁሉ ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። በጉለሌ ማዕከል የተተከለውም የሁላችን ስለ ሆነ ማንም እጁን አያንሣበት።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ስለ መድኃኒትነቱ ነው። ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ነው። በአሜሪካ አገር ከዚህ ፈሳሽ የሚሠራው የማስቀመጫ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ውስጥ እንዲወጣ ተደርጓል። ስለዚህ በመስኮታችሁ ያለውን እሬት ቆርጣችሁ አትጠጡ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ከቶ አትሞክረው። ሕፃናት፣ ውሻና ድመትም ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። «ተክል የቤትን አየር ያጠራል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። የወሬው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ያወጣው ጥናት ነው። ያ ጥናት የተደረገው ግን በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ እንጂ ሰው በሚኖርበት ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት እንዳሉት፣ በመስኮትና በበር የሚገባውን አየር ያህል ለመሥራት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። ይህን የማነሣው ለክርክር አይደለም። በብርድ ወራት በርና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል የሚያነድ፣ «ተክል አለልኝ» ብሎም የሚተማመን ሰው እንዳይኖር ነው። የከሰል ጢስ በዓይን የማይታይ፣ ሽታም የሌለው ገዳይ አየር አለበት። እሬት ከዚህ ማንንም አያድንም። የሚያድነው የተከፈተ መስኮት ነው። ከሰል ከውጭ ሳይቀጣጠል አይግባ፤ ከገባም መስኮቱ ይከፈት፤ ከመተኛትም በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ።

አድማጮች ሆይ፤ «እንግዲህ አየር ካላጠራ፣ መድኃኒትም ካልሆነ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚጠቅመንስ በራሱ ነው። ሕይወት ያለው ነገር በአጠገባችን መኖሩ፣ እርሱንም በቃሉ ሳይሆን በጠባዩ መረዳት መልመዳችን ጥቅም ነው። ብዙ ጊዜ እንክብካቤ ማለት መስጠትና መጨመር ብቻ ይመስለናል። እሬት የሚያስተምረን ግን መርምሮ መስጠትን፣ አስፈላጊ ባልሆነ ጊዜም እጅን መሰብሰብን ነው። ይህንንም ያስተማረን በአንድ የሸክላ ዕቃና በ15 ቀን አንድ ጣሳ ውሃ ነው፤ የትምህርት ክፍያው ብዙ አይደለም።

ነገ ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ በመስኮቱ ሥር እሬት ካለ፣ የውሃውን ጣሳ ከማንሣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ።